ሸክሙን የረሳ ድንጋይ



የዛሬው ጉዳዬ ጠባብ ነው። በከተማችን በደብረ ማርቆስ አዳዲስ ሰፈሮች በብሎኬት የተሠራ ቤት ግድግዳው ላይ ስስ ድንጋይ ሲለጠፍበት እናያለን። ገበያው «ክላዲንግ» ይለዋል፤ እኔ ልባስ ድንጋይ እለዋለሁ። ባለቤቱ የሚመኘው ቤቱ እንደ ድሮ ግንብ የረጋና የጠነከረ እንዲመስልለት ነው። ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ ድንጋዩም እውነተኛ ድንጋይ ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን ቤቱ ግንብ መምሰሉ ይቀርና ድንጋይ የተለጠፈበት ብሎኬት ሆኖ ይቀራል። ለምን እንዲህ ይሆናል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የድሮ ግንብ መልኩን ያገኘው ከሸክሙ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ በዚያ ቦታ፣ በዚያ አኳኋን የተቀመጠው ከላዩ ያለውን ተቀብሎ ለታችኛው ለማስረከብ ነው። ልባስ ድንጋይ ከራሱ በቀር የሚሸከመው የለውም። ነገር ግን እንደ ተሸካሚ ካልተደረደረ ዓይን ይታዘበዋል። ሙያ የሌለው መንገደኛ እንኳ ምክንያቱን መናገር ባይችል አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል።

«ከመነሻው ማስመሰል ማታለል አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። በድንጋይ ሕንፃ ማስመሰልን ግን የጀመርነው እኛ አይደለንም። የአክሱምን ትልልቅ ሐውልቶች አስቡ። እያንዳንዳቸው አንድ ወጥ ድንጋይ ሆነው ሳለ የተቀረጹት ፎቅ ቤት መስለው ነው። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሲሆን 13 ፎቅ ተቀርጾበታል። የማይከፈት በር፣ ማንም የማያይባቸው መስኮቶች፣ ከግድግዳ ብቅ ያሉ የሚመስሉ የእንጨት ጫፎች ሁሉ ከአንዱ ድንጋይ ላይ ተፈልፍለው ወጥተዋል። በእውነተኛው የአክሱም ቤት ግንበኛው ድንጋዩን በጭቃ እየካበ በየመካከሉ እንጨት ያጋድም ነበር፤ ወደ ውጭ የሚወጣውን የእንጨት ጫፍ ነው «የዝንጀሮ ራስ» የምንለው። የላሊበላ ጠራቢዎችም ቤተ አማኑኤልን ከአንድ ዓለት ሲፈለፍሉ ግድግዳውን አንዱን ረድፍ ገባ፣ አንዱን ረድፍ ወጣ እያደረጉ ድንጋይና እንጨት የተደራረበበት አስመሰሉት። ዓለቱ እንጨት አያስፈልገውም ነበር።

ታዲያ ይህ ማስመሰል ለምን አያስቀይመንም? ያስመሰለው ሰው ቤት እንዴት እንደሚቆም ያውቅ ስለነበር ነው። በሩ ከታች፣ መስኮቱ ከላይ፣ አግዳሚው እንጨት በእውነተኛው ቤት በሚገኝበት ቦታ ነው የተቀረጸው። የቀረጸው የቤቱን አሠራር እንጂ መልኩን ብቻ አይደለም። እኛም ከዚህ የምንወስደው ይህን ነው፤ ማስመሰሉ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳያውቁ ማስመሰል ነው።

ወደ ጎጃም እንምጣ። እውነቱን ከተናገርን የደጋው ገበሬ ባህላዊ ቤት እንጨት ቆሞ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ በሣር የሚከደን ነው። ከተማችን በ1845 ዓ.ም. ገደማ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ዘመን «መንቆረር» ተብላ ስትቆረቆርም የተራው ሰው ቤት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ግንብ የቤተ ክርስቲያን፣ የቤተ መንግሥትና የድልድይ ነበር። ስለዚህ «ባህላዊ ግንብ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ከአያቱ ጎጆ አልፎ ማየት ያለበት እነዚህን ነው።

እነዚህ ደግሞ ጥሩ አስተማሪዎች ናቸው። በእነብሴ ሳር ምድር ያለችውን መርጡለ ማርያም ያያችሁ አላችሁ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እንደገና ተሠርቶ ነበር፤ የፍርስራሹ ጥርብ ድንጋይና ቅርጻ ቅርጽ እስከ ዛሬ ይታያል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ፣ ድንጋይን በኖራ የመገንባት ሙያ ተስፋፋ፤ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ የዚያ ጊዜ ሥራ ነው። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ የነበረው ሰባራ ድልድይ ደግሞ በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ፣ ተገነባ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዋናው ቅስት ተቆረጠ፤ ከሱ ወዲህና ወዲያ ያለው ግንብ ግን አልተከተለውም። ቅስት በሽብልቅ የተጠረበ ድንጋይ ጎን ለጎን ሲጋፋ የሚቆም ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ቅስት ግፊቱን ለእግሩ ስላስረከበ የአንዱ መፍረስ ሌላውን አላፈረሰም።

አሁን አብዛኞቻችን የምንስተውን አንድ ነገር ልጥቀስ። የድሮ ግንብ ሁሉ ድንጋዩ ገላጣ ነበር ብለን እናስባለን። አልነበረም። የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የእንጨቱ ረድፍ ጠቁሮ ይታያል፤ የድንጋዩ ረድፍ ግን በነጭ ልስን የተሸፈነ ነው። በጎንደር የፋሲል ግንብ በ2017 ዓ.ም. ሲታደስ «መልኩ ተለወጠ» የሚል ትልቅ ክርክር ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ክርክሩ ራሱ የሚያስተምረን አለ። እኛ የለመድነው ዝናብና ዘመን ያራቆተውን ግድግዳ ነው፤ ግንበኛው ሠርቶ ያስረከበው ግን ኖራውን የለበሰ ሊሆን ይችላል። ባልተጠረበ ድንጋይ የተካበ ግድግዳ ልስን ማልበስ የተለመደ ነበር። በጥንቃቄ የተጠረበው ድንጋይ የሚቀመጠው ሸክሙ በሚበረታበት ስፍራ ነው፤ በማዕዘን፣ በቅስት፣ በበርና በመስኮት ዙሪያ። በጎንደር ሕንፃዎች ጠቆር ባለው ግድግዳ መካከል በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ ቀላ ያለ ጥርብ ድንጋይ የምናየው ለዚህ ነው።

ይህ ለቤት ሠሪ ትልቅ የምሥራች ነው። ግንብ ለማስመሰል ቤቱን በሙሉ በድንጋይ መሸፈን አያስፈልግም። ከመሬት እስከ መስኮት ደፍ፣ ማዕዘኖቹን፣ የበሩንና የመስኮቱን ዙሪያ በድንጋይ ሠርታችሁ ቀሪውን በደንብ ብትለስኑት ቤቱ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነው የበለጠ ግንብ ይመስላል። ወጪውም በብዙ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የመጀመሪያው ሕግ ድንጋይ ከመሬት ይነሣል የሚለው ነው። በዋና መንገድ ዳር ባሉ ሕንፃዎች ታችኛው ፎቅ መስታወት ሆኖ ድንጋዩ ከሁለተኛው ፎቅ ሲጀምር እናያለን። መስታወት ግንብ አይሸከምም፤ ስለዚህ ዓይን አይቀበለውም። በረንዳ ስር ተንጠልጥሎ የሚለጠፍ ድንጋይም እንዲሁ ነው። ድንጋይ ካለ ከታች ይሁን፤ ትልልቁ ድንጋይ ከታች፣ አነስ አነስ ያለው ወደ ላይ ይሁን። ሲያበቃም በመሐል ግድግዳ ላይ በድንገት አይቁም፤ የመስኮት ደፍ፣ የድንጋይ ክፈፍ ወይም የጣሪያ ጠርዝ ይቀበለው። ከመንገድ የሚታየውን ፊት ብቻ ሸፍኖ ጎኑ ላይ የሚቋረጥ ድንጋይ ደረትን ብቻ እንደሸፈነ ጋቢ ነው። ገንዘብ ካነሰ ድንጋዩን ግድግዳው ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ አቁሙት፤ እዚያ ሲያቆም ሌላ ግድግዳ የጀመረ ይመስላል።

ሁለተኛው ድንጋይ ይተኛል የሚለው ነው። እውነተኛ ግንበኛ ድንጋዩን በሰፊው ጎኑ ያስተኛዋል፤ ቆሞ ሸክም የሚቀበል ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታልም። በልባስ ሥራ ግን ድንጋዩ ሰሌዳ ስለሆነ ሠራተኛው እንደመጣለት ያቆመዋል፤ ሦስት ማዕዘን፣ አምስት ማዕዘን እያደረገ ክፍተቱን ይሞላል። ያ ለግቢ ንጣፍ ያምራል፤ ለግድግዳ ግን አይሆንም። ረጅሙ ጎን ሁልጊዜ ወደ አግድም ይሁን። ከዚህ ጋር ማጋጠሚያው ይቋረጥ። ሽማግሌ ግንበኞች የሚያውቁት ሕግ ነው፤ አንዱ በሁለቱ ላይ፣ ሁለቱ በአንዱ ላይ። ቁልቁል የሚሮጥ የማጋጠሚያ መስመር ሁለትና ሦስት ረድፍ ካለፈ በእውነተኛ ግንብ ላይ የስንጥቅ መንገድ ነው፤ በልባስ ላይም ያንኑ ያስታውሳል። ባለ አራት ማዕዘን ሆነው በመጋዝ የተቆረጡ ድንጋዮችን እንደ ሴራሚክ አናት ለአናት መደርደር ከሁሉ የከፋው ነው።

ሦስተኛው ማዕዘን ነው። እኔ አንድን የልባስ ሥራ ስመረምር መጀመሪያ የማየው ማዕዘኑን ነው፤ የድንጋዩ ስስነት የሚጋለጠው እዚያ ነውና። ሁለት ሳንቲሜትር የሆነ ጠርዝ ማዕዘን ላይ ከታየ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። መፍትሔው ለማዕዘን ብቻ ወፍራም ድንጋይ አስጠርቦ ከአንድ ድንጋይ ሁለት ፊት ማውጣት ነው፤ አንዱ ክንፍ ረጅም፣ አንዱ አጭር ይሁን። ከዚያ ሲደረደር ረጅሙ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይዙር። የድሮ ግንበኛ ሁለቱን ግድግዳዎች ያስር የነበረው በዚህ ነው። ጠራቢው ለማዕዘን ድንጋይ ተጨማሪ ዋጋ ይጠይቃል፤ ክፈሉት። ከሌላው ድንጋይ ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን ክፈሉት።

አራተኛው በርና መስኮት ነው። ግንብ ወፍራም ነው፤ መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይታያል። ስለዚህ የመስኮቱን ፍሬም ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል አታድርጉት፤ ወደ ውስጥ ግፉትና ድንጋዩ በጎን ታጥፎ ቢያንስ 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ይግባ። ከላይ ደግሞ የሚሸከም ነገር ይታይ። በመስኮት አናት ላይ ትንንሽ ድንጋይ ተደርድሮ ሲታይ «ማን ያዘው?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ወይ ከሁለቱም ወገን ግድግዳው ላይ የሚያርፍ አንድ ረጅም ድንጋይ አስቀምጡ፤ ወይ በሽብልቅ ድንጋይ ቅስት አውጡ። መኪና የሚገባበት ሰፊ በር ላይ ግን አንድ ድንጋይ ያን ርቀት እንደማይሸከም ሁሉም ያውቃል፤ እዚያ የኮንክሪቱን ተሸካሚ ሳትሸፍኑ ለስናችሁ ተዉት። እውነተኛው ተሸካሚ መታየቱ ነውር የለበትም።

አምስተኛው ማያያዣው ነው። በከተማችን ብዙ ጊዜ የሚታየው ፖይንቲንግ ሲሚንቶው ከድንጋዩ በላይ እባጭ ሆኖ ወጥቶ ጥቁር ወይም ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ዓይን ከድንጋዩ ይልቅ መስመሩን ያያል። በድሮ ግንብ ማያያዣው ከድንጋዩ ፊት ጋር እኩል ወይም ጥቂት ገባ ያለ ነው፤ ቀለሙም የአሸዋውና የኖራው ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ ስድስት እጅ አሸዋ ብታደርጉ ቀለሙ ይለሰልሳል፤ ድብልቁ፣ ማለትም ማላታው፣ ግትርነቱ ቀንሶ ሳይሰነጠቅ ይቆያል። ገና እርጥብ ሳለ በብሩሽ ጠረግ ቢደረግ የአሸዋው ፍሬ ብቅ ይላል። ቀለም አትቀቡት። ድንጋዩንም በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ከብልጭታው ሌላ ከኋላ የገባውን እርጥበት አፍኖ ይይዝና በጥቂት ክረምት ውስጥ እየተላጠ ይወድቃል።

ድንጋዩ የየት ይሁን? ከአዲስ አበባ ገበያ የአምቦ ድንጋይ ማምጣት ልማድ ሆኗል፤ መልካም ድንጋይ ነው። ነገር ግን እኛ የምንኖረው በጮቄ እሳተ ገሞራ ልጆች ላይ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አካባቢያችንን ሸፍኗል። ወደ ደጀን ወርዳችሁ የዓባይን በረሃ ብታዩ ደግሞ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ንብርብር ታገኛላችሁ። ጥቁሩ ለመጥረብ ይከብዳል፤ ከተጠረበ ግን ዝናብ አይበግረውም። ነጣ ያለው ለመጥረብ ይቀላል፤ ውኃ ግን ይጠጣል። ስለዚህ ጥቁሩን ከታች፣ ነጣ ያለውን በመስኮትና በበር ዙሪያ ማድረግ ያምራልም፣ ይበጃልም። ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ድንጋይ ባንድ ግድግዳ ላይ መቀላቀል ግን ይቅር። የድሮ ግንበኛ ድንጋይ ያመጣ የነበረው ቅርብ ካለ ከአንድ ቦታ ነው፤ የቀለሙ አንድነት ከዚያ የመጣ ነው።

ጠራቢ አናጣም። የኮብልስቶን ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዳረስ ብዙ ሺህ ወጣቶች ጥቁር ድንጋይን በመዶሻና በመሮ መጥረብ ተምረዋል። ያ ሙያ ከመንገድ ወደ ግድግዳ ሊሻገር ይችላል። ለማዕዘንና ለቅስት የሚሆን ድንጋይ የሚጠርቡ ወጣቶች በከተማችን ቢደራጁ ከሩቅ የሚመጣው ድንጋይ በብዙ ይቀንሳል።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ መልክ ነው። ነገር ግን ግድግዳ «ውስጡን ለቄስ» እንዳይሆን ከኋላ ያለውንም እንይ። አንድ ካሬ ሜትር ጥቁር ድንጋይ ውፍረቱ 3 ሳንቲሜትር ሲሆን ወደ 85 ኪሎ ይመዝናል። ከኋላው ያለው 2 ሳንቲሜትር ማላታ ወደ 40 ኪሎ ይጨምራል። 40 ካሬ ሜትር ግድግዳ ስታለብሱ ብሎኬታችሁ ላይ 5 ቶን አንጠለጠላችሁ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ማላታ ብቻ ይይዘዋል ብሎ ማመን አደገኛ ነው፤ ወድቆ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩ ከታች የሚያርፍበት ከመሠረቱ ጋር የተሠራ የኮንክሪት ጠርዝ ይኑር። ግድግዳው በቅድሚያ በሻካራ የሲሚንቶ ርጭት ይመታ፤ የሽቦ መረብ በምስማር ይጠበቅበት፤ የድንጋዩ ጀርባ ከአቧራ ታጥቦ ይርጠብ፤ ማላታውም ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። በአራትና በአምስት ነጥብ ብቻ ማላታ ጠቅ አድርጎ መለጠፍ ከኋላ ባዶ ኪስ ይተዋል። ከአንድ ፎቅ በላይ ከሆነ እያንዳንዱ ትልቅ ድንጋይ የማይዝግ የብረት ማሰሪያ ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚወስነው መሐንዲስ ነው።

በደብረ ማርቆስ ደግሞ ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ እናገኛለን፤ አብዛኛው በክረምት ወራት ይወርዳል። በባዶ ኪስ ውስጥ የገባ ውኃ በጥቅምት ፀሐይ ሲተን የሲሚንቶውን ጨው ወደ ፊት ያወጣና ድንጋዩን ነጭ ያደርገዋል፤ እየቆየም ድንጋዩን ይገነጥለዋል። መከላከያው ቀላል ነው። የጣሪያ ክንፍ ረዘም ይበል፤ የመስኮት ደፍ ወደ ፊት ወጥቶ ከስሩ የውኃ መቁረጫ ጭረት ይኑረው፤ የግድግዳው አናት በክፈፍ ይዘጋ፤ ከታችኛው ረድፍ ላይ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተው። በጎንደር ግንቦች በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት የተደረገው ጥገና ኋላ እየተነሣ በኖራ የተተካው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የማይተነፍስ ማያያዣ እርጥበቱን ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው» ትሉኝ ይሆናል። የማዕዘን ድንጋይ፣ ማሰሪያ፣ መሐንዲስ ወጪ ናቸው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ካሬ ሜትሩን ቀንሱ። የቤታችሁን ሩብ በሥርዓት ብታለብሱት ሙሉውን በዘፈቀደ ከለጠፋችሁት ያነሰ ታወጣላችሁ። አቅም ከሌለም በንጹሕ የተለሰነ ግድግዳ ማንንም አያሳፍርም። የአያቶቻችን ቤት ጭቃ ነበር፤ ጭቃነቱንም አልደበቀም።

ለቤት ሠሪዎች አንድ ተግባራዊ ምክር ልስጥና ላብቃ። ከግንበኛ ጋር ውል ስትፈራረሙ ዋጋውን በካሬ ሜትር ብቻ አትጻፉ፤ ማዕዘኑና የመስኮቱ ዙሪያ ለብቻው በሜትር ይጻፍ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማዕዘን ያለበት አንድ ካሬ ሜትር ናሙና አሠሩ፤ ማያያዣው እስኪደርቅ ጠብቁ፤ በውኃ አርጥቡት፤ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ እዩት። ካልተስማማችሁ አፍርሱት፤ አንድ ካሬ ሜትር ማፍረስ ቀላል ነው። እናንተ ግንበኞች ደግሞ ይህን ናሙና ሳትጠየቁ ሥሩ፤ ከምትሰጡት ዋጋ ይልቅ እሱ ይመሰክርላችኋል። ተማሪዎች፣ በዕረፍት ጊዜያችሁ ሜትርና ደብተር ይዛችሁ ወደ መርጡለ ማርያም ውጡ፤ ድንጋዩን ለኩ፣ ማጋጠሚያውን ሣሉ፣ የቅስቱን ሽብልቅ ቁጠሩ። ድንጋይ እንዴት እንደሚሸከም ያየ ሰው እንዴት ማልበስ እንዳለበት የሚነግረው አያስፈልገውም።